አቡል-ቃሲም አዝ-ዘህራዊ፦ የቁርጡባው የፊኛ ጠጠር ሐኪም

የሊቃውንት ታሪክ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የምናወሳው የሐዲስ፣ የተፍሲርና የፊቅህ ዑለማዎችን ነው። በዚህ ዕትም ግን ዕድሜያቸውን በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ያሳለፉ አንድ ሐኪም እናስተዋውቃችኋለን። የምናወራው ስለ ኩላሊት፣ ስለ ፊኛና ስለ ሽንት ስለሆነ ፊታችሁን እንዳታዞሩብን አደራ። የፊቅህ ኪታቦቻችን የሚጀምሩት በጠሃራ ምዕራፍ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለንና በዚህ ጉዳይ ማፈር አይገባንም። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከአንድ አሳዛኝ ታሪክ እንጀምር። ከሺህ ዓመት በፊት በአንደሉስ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ፊኛቸው ውስጥ ትልቅ ጠጠር ተፈጥሮ ያሰቃያቸው ነበር። ጠጠሩን እንዲያወጡላቸው የተጠሩት ሐኪም መጠኑንና የሕመምተኛውን አቅም መዘኑ። ቀዶ ሕክምናው ቢደረግ ሰውየው እንደማይተርፉ ገመቱ። ሌላ ሐኪም ግን ደፍሮ ገባበት። ጠጠሩን አወጣው፤ ነገር ግን ከጠጠሩ ጋር የፊኛቸውን ቁራጭ አብሮ ጎትቶ አወጣው። ሰውየው በሦስተኛው ቀን አካባቢ ሞቱ።

ቀድመው የተጠሩት ሐኪም አቡል-ቃሲም ኸለፍ ኢብኑ ዐባስ አዝ-ዘህራዊ ይባላሉ፤ አላህ ይዘንላቸው። ይህን ታሪክ ያገኘነው እሳቸው ራሳቸው ስለጻፉት ነው። የጻፉት ያንን ሐኪም ለማዋረድ አይደለም፤ ስሙንም አልጠቀሱም። ያስቀመጡት የቀዶ ሕክምና ትምህርታቸው መግቢያ ላይ፣ ተማሪው ስለ መሣሪያና ስለ አቆራረጥ አንድ ቃል እንኳ ከማንበቡ በፊት ነው። ከጎኑም ሌሎች የዚህ ዓይነት ታሪኮችን ደርድረዋል። አንገቷ ላይ ያበጠ ዕጢ የነበረባትን ሴት ያለ ዕውቀት የቀደደ ሐኪም ነበር፤ የደም ስሮቿን ቆርጦ እጁ ላይ ደሟ ፈስሶ አልቋል። የአዝ-ዘህራዊ ክርክር አጭር ነው፤ የአካልን አሠራር፣ የአጥንትን፣ የጅማትንና የደም ስርን አቀማመጥ ያልተማረ ሰው ቢላዋ ሲያነሳ መግደሉ አይቀርም። በዘመናቸው በአገራቸው የቀዶ ሕክምና ሙያ የጠፋውም በዚህ ምክንያት መሆኑን ይናገራሉ። እኛ ይህን ስናነብ ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለጉዳቱ ተጠያቂ እንደሚሆን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩት ትዝ ይለናል።

ስለ ግል ሕይወታቸው የታሪክ ጸሐፊዎች የተዉልን ጥቂት ነው። ዘራቸው ከአንሷሮች ስለሚቆጠር አል-አንሷሪ ይባላሉ። አዝ-ዘህራዊ የተባሉት ከቁርጡባ (ከዛሬዋ የስፔን ኮርዶባ) በስተምዕራብ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በነበረችው መዲነቱ-ዘህራእ ነው። ከተማዋን ኸሊፋ ዐብዱረሕማን ሣልሳዊ በ936 ማስገንባት ጀመሩ፤ የሐኪማችን ልደትም በዚያው ዓመት ገደማ ይገመታል። ሰውየውና ከተማዋ አብረው አደጉ ማለት ይቻላል። ስለሳቸው ከጻፉት መካከል የአንደሉስ ሊቃውንትን ታሪክ የሰበሰቡት አል-ሑመይዲ ይገኛሉ። የሁላችንም ጆሮ የሚያውቃቸው ኢብኑ ሐዝምም በወጣትነታቸው አዝ-ዘህራዊን በዓይናቸው አይተዋል፤ በሕክምና ከዚህ ሰው ኪታብ የበለጠ ሁሉን የሰበሰበ የለም ቢሉ እንደማይዋሹም መስክረዋል። በቀላሉ የማያሞግሱ ሰው ናቸውና የኢብኑ ሐዝም ምስክርነት ትልቅ ነው።

ያ ኪታብ «አት-ተስሪፍ» ይባላል። ሠላሳ ክፍሎች አሉት፤ የተጠናቀቀው በ1000 ዓመት አካባቢ ነው። ስለ በሽታ፣ ስለ መድኃኒት ቅመማ፣ ስለ ምግብ ይናገራል። የዓለምን ዓይን የሳበው ግን የመጨረሻው፣ ሠላሳኛው ክፍል ነው። እሱም በእሳት መተኮስን፣ ቀዶ ሕክምናንና ስብራት ጥገናን ያስተምራል። ሁለት መቶ ያህል የመሣሪያ ሥዕሎችም ይዟል። ሥዕሎቹ ጌጥ አይደሉም፤ ተማሪው ይዟቸው ወደ አንጥረኛ ሄዶ ማሠራት እንዲችል የተሳሉ ናቸው። ተማሪዎቻቸውን ልጆቼ እያሉ ይጠሯቸዋል። ያዩትን ሲያወሩም አያጋንኑም። ቢላዋ አንስታ ጉሮሮዋን የቆረጠች አንዲት ባሪያ ወጣት ዘንድ ተጠርተው ነበር፤ ከቁስሉ አየር ሲወጣ ሰሙ፣ ትልቅ የደም ስር አለመቆረጡን አረጋገጡ፣ ከዚያም ሰፉት። ዳነች፤ ድምፅዋ ብቻ ትንሽ ሻክሮ ቀረ። የሻከረውን ድምፅ ሳይደብቁ መጻፋቸውን እኛ ወደነዋል።

ወደ ፊኛው እንመለስ። አዝ-ዘህራዊ የሠሩትን ለመረዳት የሽንት ሥርዓቱን ባጭሩ ማየት ያስፈልጋል። የጤና ተማሪ የሆናችሁ ታገሱን፤ የኢኮኖሚክስና የምሕንድስና ልጆችም ያነባሉና።

ኩላሊቶቻችን ከጀርባችን በኩል፣ ከታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ሥር፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ይገኛሉ። እያንዳንዳቸው የጭብጥ እጅ ያህል ናቸው። በእያንዳንዱ ውስጥ ኔፍሮን የሚባሉ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። በአንድ ቀን ውስጥ ከደም የሚያጣሩት ፈሳሽ 180 ሊትር ገደማ ነው። ይህ ሁሉ ሽንት ቢሆን ኖሮ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ደርቀን እናልቅ ነበር። ነገር ግን ኔፍሮኖቹ ውሃውን፣ ጨውንና ስኳሩን መልሰው ለደም ያስረክቡና የማይፈለገውን ብቻ ያስቀራሉ። በመጨረሻ የሚወጣው ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ብቻ ነው። ሽንቱ 25 ሴንቲ ሜትር በሚያህሉ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ፊኛ ይወርዳል። ቱቦዎቹ ራሳቸው እየተኮማተሩ ስለሚገፉት ተኝተንም ሽንት መውረዱን አያቆምም። ፊኛ ከጡንቻ የተሠራ ከረጢት ነው፤ በዳሌ ውስጥ፣ ከፊት አጥንቱ ጀርባ ይቀመጣል፤ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል። አንገቱ ወደ ታች ነው። በአንገቱና ከሱ በታች ሽንትን የሚቋጥሩ ጡንቻዎች አሉ። ከዚያ የሽንት መውጫው ቱቦ ይጀምራል፤ በሴት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል አጭርና ቀጥ ያለ፣ በወንድ ግን 20 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋና ሁለት ቦታ የሚታጠፍ ነው።

ሽንት ሲወፍር በውስጡ የሟሟው ጨው ይረጋል፤ ሲደራረብም ጠጠር ይሆናል። ዛሬ በብዛት የምንሰማው የኩላሊት ጠጠርን ነው። ያኔ ግን የፊኛ ጠጠር፣ በተለይም በሕፃናት ላይ፣ እጅግ የተስፋፋ ነበር። እህል ብቻ የሚበሉና ወተትና ሥጋ የማያገኙ ልጆች በሚበዙበት ሁሉ ይህ በሽታ ይታያል። አዝ-ዘህራዊ ምልክቶቹን ዘርዝረዋል፤ ሽንቱ እንደ ውሃ የነጣ፣ አሸዋ የመሰለ ነገር ያለበት ይሆናል፤ ልጁም ብልቱን እየደጋገመ ያሻል። እስከ አሥራ አራት ዓመት ያሉ ልጆችን ማዳን እንደሚቀል፣ ሽማግሌዎችን ማዳን ደግሞ እንደሚከብድም ይናገራሉ። መግቢያው ላይ ያሉትን አዛውንት እዚህ ላይ አስታውሱ።

አሠራራቸውን ስናነብ የአካል ዕውቀት ምን ማለት እንደሆነ ይገባናል። መጀመሪያ የልጁ ሆድ ዕቃ በሁቅና ይታጠባል፤ ሰገራ ካለ ጠጠሩን በጣት ማግኘት አይቻልምና። ከዚያ ጠጠሩ ወደ ፊኛው አንገት እንዲወርድ ልጁን እግሩን ይዘው ያራግፉታል፣ ወይም ከፍ ካለ ቦታ እንዲዘል ያደርጉታል። ፊኛው ወደ ታች እንዲያዘነብል አድርገው ያስቀምጡታል። ሐኪሙ የግራ እጁን ጣት ዘይት ቀብቶ በፊንጢጣ በኩል ያስገባል፣ ጠጠሩን ፈልጎ ወደ ፊኛው አንገት ይገፋል፤ ረዳቱ ከላይ እምብርት ሥር ይጫናል። አሁን ጠጠሩ በሁለት በኩል ተይዟል። የሚቆረጠው በፊንጢጣና በቆለጥ መካከል ነው፤ በመሃሉ ሳይሆን ወደ ግራ መቀመጫ ጋደል ተብሎ። በዚህ በኩል ሲገባ የሆድ ዕቃ ሽፋን ሳይነካ የፊኛው አንገት ላይ ይደረሳል። ማደንዘዣም ሆነ የቁስል መበከልን የሚከላከል መድኃኒት እንደ ዛሬው ባልነበረበት ዘመን ሆድን ሳይከፍቱ መድረስ ሕይወትና ሞትን የሚለይ ጉዳይ ነበር።

የሚገርመን ደግሞ ስለ ቁርጡ ስፋት የሚሰጡት መመሪያ ነው። ከውጭ ሰፋ፣ ከውስጥ ግን ጠጠሩን ብቻ የሚያሳልፍ ያህል ጠበብ ይበል ይላሉ። ጠጠሩ ሾጣጣ ማዕዘኖች ካሉት በጥቂቱ ማስፋት ይቻላል። አልወጣ ካለ ጫፉ እንደ ሞረድ በሻከረ መቆንጠጫ ይያዛል፣ ወይም ከሥሩ በቀጭን ቆልማማ መሣሪያ ይሳባል። ጠጠሩ እጅግ ትልቅ ከሆነስ? ቁርጡን እጅግ ማስፋት አለማወቅ ነው ይላሉ፤ ሕመምተኛው ወይ ይሞታል፣ ወይ ቁስሉ አልገጥም ብሎ ሽንቱ ሁልጊዜ ሲንጠባጠብ ይኖራል። ስለዚህ ጠጠሩ እዚያው በመቆንጠጫ ተሰባብሮ በቁርጥራጭ ይውጣ። አንድ ሐኪም ስለ ማግሥቱ ብቻ ሳይሆን ሕመምተኛው ከዳነ በኋላ ስለሚኖረው ኑሮ ሲያስብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሽንቱን መቋጠር የተሳነው ሰው በሶላቱ ምን ያህል እንደሚቸገር የጠሃራን ምዕራፍ የቀራ ሁሉ ያውቃል። ሸሪዓው ገር ስለሆነ ለዑዝረኛ መላ አለው፤ ብዙዎቹ ፉቀሃ ለየወቅቱ ዉዱእ አድርጎ ይስገድ ብለዋል። ሐኪሙ በእጁ ስሕተት ሰውን ወደዚያ ዑዝር እንዳያስገባ መጠንቀቁ ግን የራሱ አማና ነው።

አንዳንድ ጊዜ ጠጠሩ ከፊኛው ወጥቶ የሽንት መውጫው ቱቦ ውስጥ ይሰነቀራል። ይህ እጅግ የሚያሰቃይ ነገር ነው፤ ሽንት ይዘጋል፣ ፊኛ ይወጠራል። ለዚህ አዝ-ዘህራዊ ጫፉ ሦስት ማዕዘን ያለው፣ የእንጨት እጀታ የተገጠመለት ቀጭን የብረት መሰርሰሪያ አዘጋጅተዋል። በመጀመሪያ ጠጠሩ ወደ ፊኛ እንዳይመለስ ብልቱ ከጠጠሩ ኋላ በክር ይታሰራል። ከዚያ መሰርሰሪያው በቀስታ ገብቶ ጠጠሩን ሲነካ በእጅ ጥቂት ጥቂት እየተሽከረከረ ይበሳዋል። ጠጠሩ እንደተበሳ ሽንቱ ወዲያው ይለቀቃል። የቀረው ከውጭ በጣት ሲጫኑት ይሰባበርና ከሽንቱ ጋር ይወጣል። ምንም ሳይቆረጥ ማለት ነው። ዛሬ ጠጠርን በቱቦ ገብቶ መስበር የተለመደ ሕክምና ሆኗል፤ መሣሪያው ተራቅቋል እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

ሽንት ለታገደበት ሰው የሚገባውን ቱቦም ሥለውታል። ዛሬ በየሆስፒታሉ ካቴተር የምንለው ነው። የሳቸው ከብር የተሠራ፣ ልሙጥ፣ እንደ ወፍ ላባ ዘንግ ውስጡ ክፍት፣ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ነው። ጫፉ ላይ ሱፍ የታሰረበት ክር በውስጡ ያልፋል። ቱቦው ዘይት ተቀብቶ ሲገባ ብልቱ መጀመሪያ ወደ እምብርት ቀና ይደረጋል፣ ቱቦው ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ደግሞ ዝቅ ይደረጋል። ይህ እንቅስቃሴ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ቀደም ብለን የጠቀስናቸው የወንዱ ቱቦ ሁለት እጥፋቶች በዚህ መንገድ ካልተቃኑ ቱቦው ግድግዳውን ይወጋል። ሕመምተኛው ቱቦው ባዶ ቦታ እንደደረሰ ሲሰማው ክሩ ቀስ ብሎ ይሳባል፤ ሽንቱም ሱፉን ተከትሎ ይመጣል። ፊኛው ሲቆስል መድኃኒት የሚገባበት መርጫም አላቸው፤ ከብር ወይም ከዝሆን ጥርስ የሚሠራ፣ የሚገፋ ዘንግ ያለው፣ አሁን ሲሪንጅ ከምንለው እምብዛም የማይለይ።

ስለ ሴቶች የጻፉትን እህቶቻችን በተለይ እንዲያነቡት እንፈልጋለን። በሴት ፊኛ ውስጥ ጠጠር እምብዛም እንደማይገኝ ይናገራሉ፤ ቱቧቸው አጭርና ቀጥ ያለ ስለሆነ ትንሹ ጠጠር ሳያድግ ከሽንት ጋር ይወጣልና ዛሬም የምንለው ይህንኑ ነው። ከተገኘ ግን ሕክምናው ይከብዳል። ከምክንያቶቹ ውስጥ አንዳንዶቹ የአካል አይደሉም፤ ሴቷ ልጃገረድ ልትሆን ትችላለች፣ ሰውነቷን ለወንድ ሐኪም ማሳየትም ታፍራለች፣ ሙያውን በደንብ የምታውቅ ሴት ሐኪምም በቀላሉ አትገኝም። ስለዚህ የሠለጠነች ሴት ሐኪም ትፈለግ ይላሉ። ካልተገኘች ጨዋና ታማኝ ሐኪም ይምጣ፤ አዋላጅ ወይም ሙያውን በጥቂቱ የምታውቅ ሴት ትቅረብና እሱ እየነገራት እሷ በእጇ ትፈልግ፣ ትጫን፣ ትሥራ። የሕመምተኛዋን ሐፍረት እንደ እንቅፋት ቆጥረው አላለፉትም፤ ሕክምናውን ራሱ ለሐፍረቷ ሲሉ አስተካከሉት። የሠለጠነች ሴት ሐኪም አለመኖሯ ግን እንደ ጉድለት የተመዘገበ መሆኑን ልብ በሉ። በጤና ትምህርት ክፍሎች ውስጥ ያላችሁ እህቶች ይህን ክፍት ቦታ እየሞላችሁት ነው፤ አላህ ይጨምርላችሁ።

አዝ-ዘህራዊ ሊቀ ጠበብት ነበሩ ብለን የማይሳሳቱ ልናደርጋቸው አንፈልግም። የአካል ዕውቀታቸው በአብዛኛው ከግሪኩ ጃሊኑስ (ጋሌን) መጻሕፍት የተወሰደ ነው። ጃሊኑስ የእንስሳትን የሽንት ቱቦ አስሮ ሽንት ከኩላሊት እንደሚመጣ ያሳየ ሰው ነው፤ የሰውን ፊኛ አሠራር ግን በሙሉ አላወቀም። ዛሬ የማንቀበላቸው የእሳት ተኩሶችም «አት-ተስሪፍ» ውስጥ ሞልተዋል። ታዲያ የነበረውን መጽሐፍ በሕመምተኛው ላይ ካዩት ጋር እያስተያዩ ለረጅም ዘመን መሥራታቸውና የደረሱበትን ሳይሰስቱ ማካፈላቸው ነው ያቆያቸው።

የመጨረሻ ዘመናቸው የሰላም አልነበረም። በአንደሉስ ፊትና ተቀሰቀሰ። ሙስሊም በሙስሊም ላይ ተነሳ። አብራቸው ያደገችው መዲነቱ-ዘህራእ በ1010 አካባቢ ተዘርፋ ፈራረሰች። እሳቸውም በ1013 ገደማ ወደ አኼራ ሄዱ። የከተማዋ ፍርስራሽ ቁፋሮ የተጀመረው በ1911 ነበር፤ በ2018 ደግሞ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች። ዛሬም ጎብኚዎች የሚያዩት አብዛኛው የፈረሰ ግንብ ነው።

ኪታቡ ግን ከተማዋ ከመፍረሷ በፊት ተጽፎ አልቆ ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የክሬሞናው ጄራርድ በጦለይጦላ (ቶሌዶ) የቀዶ ሕክምናውን ክፍል ወደ ላቲን መለሰው፤ የአውሮፓ ሐኪሞችም አልቡካሲስ እያሉ ከሱ ይማሩ ጀመር። ፈረንሳዊው ጊ ደ ሾልያክ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው የቀዶ ሕክምና መጽሐፍ ስማቸውን ደጋግሞ ጠርቷል። በ1465 ደግሞ በአናጦልያ አማስያ ከተማ ሸረፈዲን ሳቡንጁኦግሉ የተባሉ ሐኪም በቱርክኛ አዘጋጁት፤ እሳቸው መሣሪያዎቹን ብቻ ሳይሆን ሐኪሙንና ሕመምተኛውንም እየሣሉ አሠራሩን አሳዩ። በ1778 የዐረብኛው ጽሑፍ ከላቲን ትርጉም ጋር በኦክስፎርድ ታተመ። እንግሊዝኛ ለምናነብ ደግሞ በ1973 ለንደን ላይ የታተመ፣ ዐረብኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን የያዘ ዕትም አለ፤ የመሰርሰሪያውና የብር ቱቦው ሥዕሎችም በየምዕራፋቸው ገብተውበታል።